በመዋኛ ገንዳዬ ውስጥ ስለሞቱት ዓሦች፣ ለቅሬ ዳኛችን

ለተከበሩ ጋሽ ባድሩ፣
የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ የሙሽራ መራቂ፣ የአደራ ቁልፍ ተቀባይ፤
ጫማዎ ባለበት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ በተለይ ጆሮዎና ምላስዎ። ጆሮዎን ያነሳሁት በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደጅዎ ቆሜ ስጣራ አልሰማ ስላለዎት ነው፤ ምላስዎን ያነሳሁት ደግሞ ባለፈው እሑድ በወፍጮ ቤቱ ደጅ፣ ያ ሁሉ የቅሬ ሰው ፊት፣ አንዲት እውነተኛ ቃል ማውጣት ሲያቅታት በዓይኔ በብረቱ ስላየሁ ነው። አላህ ሁለቱንም ያሽርልዎ። ስለ እኔ ይጨነቁ እንደሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴት በቀር ምንም የሚያመኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፌና በሰፈሩ ቴሌግራም መልቀቄ እርስዎን በአደባባይ ለማዋረድ ከመሰለዎት አፉ ይበሉኝ፤ ነገሩን በጓዳ ለመጨረስ ብዬ ሦስት ጊዜ መጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ «የሉም» ተብዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጫማዎን በረንዳው ላይ አይቼው ተመልሻለሁ። ጫማዎ እርስዎ በሌሉበት ቤት የሚጠብቅ ታማኝ መሆኑን በማወቄ በጣም ደስ ብሎኛል። ምነው ያን ጊዜ የገንዳዬን ቁልፍ ለእርሱ ሰጥቼው ቢሆን!

ከሐይቅ ከተማ ውጭ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ቢኖር ግራ እንዳይጋባ፣ ቅሬ ማለት እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳውን የሚቀብርበት፣ ድንኳኑን የሚተክልበት፣ ጠቡን የሚያበርድበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚያነሳው የለም። እንግዲህ ይህ ቅሬ ባለፈው እሑድ በእርስዎ አንደበት፣ እኔ መስኡዳ ሀሚዱ በግቢዬ ውስጥ ያለው የመዋኛ ገንዳ በመጪው ሰኞ በአፈር እንዲደፈን፣ ለዚህም ከየቤቱ አንድ ሰው ከነአካፋው እንዲወጣ፣ እኔም በሬን አልከፍትም ካልኩ ከቅሬው እንድሰረዝ ፈርዷል። ምክንያቱም የዓረብ አገር መድኃኒቴ (ክሎሪኑን ማለታቸው ነው) ዓሣ ገድሏልና ነገ ደግሞ ሴት ልጆቻችንን ይገድላል የሚል ነው። ዓሦቹ መሞታቸው እውነት ነው። ማን እንደገደላቸውም እናውቃለን፤ እናውቃለን ስል እኔና እርስዎ ማለቴ ነው።

ምስጋናዬን ከመነሻው ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሉብና፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ሐይቁ ዳር ምንጣፍ ስታጥብ ምንጣፉ ወደ ውስጥ ሸሸባትና ልትይዘው ተከትላው ገባች፤ በዚያው ቀረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሐይቁ ዳር ተወልዳ፣ ሐይቁን እያየች አድጋ፣ ከዳሩ ሦስት እርምጃ ከማይርቅ ውሃ መውጣት አልቻለችም። ወንዶቹማ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደ ዳክዬ ይዋኛሉ፤ ሴት ልጅ ግን አላፊ አግዳሚው እያያት የት ገብታ ትማር? ቀብሯ ላይ በጋቢዎ ጫፍ ዓይንዎን እየጠረጉ «ሴቶቻችን ተከልለው የሚማሩበት ውሃ ቢኖረን ይህች ልጅ አትሞትም ነበር» ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ቂሏ ቃልዎን የምር ወሰድኩት።

ያኔ ከጅዳ ከተመለስኩ አራት ወር አልሞላኝም ነበር። በሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ የቤቱን የመዋኛ ገንዳ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ጠዋት ቅጠሉን በመረብ መልቀም፣ ግድግዳውን መፈግፈግ፣ ማታ ክሎሪኑን መስጠት፣ በየሳምንቱ ማጣሪያውን ማጠብ። ብዙ ሰው ከዓረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ይዤ የመጣሁት ውሃ ሳይበላሽ የማቆየት ሙያ ነው። ለቤት ማስፋፊያ ባሰብኩት ቦታ ላይ ርዝመቱ ሰባት ሜትር፣ ወርዱ አራት ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ገንዳ አስቆፈርኩ፤ ዙሪያውን በረጅም የብሎኬት አጥር ከለልኩት። ሥራው ሲጀመር ዱዓ ያደረጉት እርስዎ ነዎት፤ ሲያልቅም ማሻ አላህ ብለው የመረቁት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ አርባ ሦስት ልጃገረዶች፣ የሼሁም የቄሱም ልጆች፣ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ እዚያ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ተምረዋል፤ ልብሱን ያላስወለቅኳቸው ልብስ ለብሶ ነው ሰው ሐይቅ ውስጥ የሚወድቀው ብዬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት እናቴን ለዓይኗ ሕክምና ደሴ ይዤ ስሄድ፣ ዘመድ አዝማድ ሞልቶኝ ሳለ፣ የገንዳውን ቁልፍ ለሃያ ቀን የሰጠሁት ለእርስዎ ነው። የሚሠራውን ሁሉ በትልልቅ ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩልዎ። እርስዎም «አብሽሪ ልጄ፣ የቅሬውን ድስትና ድንኳን ሃያ ዓመት የጠበቅሁ ሰው አንድ ጉድጓድ ውሃ ያቅተኛል ወይ?» ብለው ሸኙኝ። እኔም ልቤን ጥዬ ሄድኩ። ስለ ሃያው ቀን ጥበቃዎ ያለኝን የላቀ ምስጋና እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ፓምፑ። ወረቀቱ፣ የቆመ ውሃ ይበላሻልና ፓምፑ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ይሥራ፣ ውሃው በአሸዋው ማጣሪያ ይዙር ይል ነበር። እርስዎ ግን በሁለተኛው ቀን፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ነገር ኸይር የለውም፣ ውሃውም ይረፍ ብለው አጠፉት። ስለ አዛኝነትዎ አመሰግናለሁ። እኔ በጅዳ አሥራ አንድ ዓመት ለፍቼ ያላገኘሁትን ዕረፍት ውሃዬ በሁለተኛው ቀን አገኘው።

፪ኛ፦ ስለ ክሎሪኑ። ክሎሪን ፀሐይ ስለሚበላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ኩባያ በባልዲ ውሃ በጥብጠው ዙሪያውን ይርጩ ብዬ ነበር። እርስዎ ክዳኑን ከፍተው ቢያሸቱት አፍንጫዎን አቃጠለዎትና ይህማ ለሰው ልጅ አይሆንም ብለው፣ በኩባያው ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በማታው ፈንታ በቀትር፣ በየቀኑ በመባሉ ፈንታ ትዝ ባለዎት ቀን ሰጡት። ሃያ ስምንት ካሬ ሜትር ገንዳ እንደታመመ ሕፃን በማንኪያ ያስታመመ ሰው ከእርስዎ በፊት አላውቅም።

፫ኛ፦ ስለ ብሩሹና ስለ መረቡ ምንም ቅሬታ የለኝም። ልክ እንዳስቀመጥኳቸው ነው ያገኘኋቸው።

፬ኛ፦ ስለ ዓሦቹ። ፓምፑ አርፎ፣ ክሎሪኑ በማንኪያ እየተሰፈረ፣ በዘጠነኛው ቀን ገንዳው እንደ ክረምት መስክ አረንጓዴ ለበሰ። ስልኬ ክፍት ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢደውሉ ፓምፑን ቀንና ሌት ያስነሱት፣ ክሎሪኑን እጥፍ ያድርጉት፣ ግድግዳውን ይፈግፍጉት ብዬ በሦስት ቀን በጠራ ነበር። እርስዎ ግን የሐይቅ ሰው ነዎትና ሐይቁ ውስጥ አረንጓዴውን የሚበላው ማነው ብለው አሰቡ፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው። ገንዳስ ቢሆን ትንሽ ሐይቅ አይደለም ወይ ብለው ከዓሣ አጥማጁ ከዋለ ዘንድ ሁለት ባልዲ ቆሮሶ ከነነፍሱ ወሰዱ፤ ዋለ ለምን ከነነፍሱ ቢልዎ እንግዳ መጥቶብኝ ነው አሉት። ምስኪኑ ዋለ እንግዳዎ የእኔ ገንዳ መሆኑን ከየት ይወቅ! እውነቱን ለመናገር በዚህ አልፈርድብዎትም። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያስበው ነው፤ ጅዳ ባልሄድ ኖሮ እኔም ይኸንኑ አደርግ ነበር። ብቻ የበላ ፍጥረት የሚያወጣውም አለና፣ ገንዳው ውስጥ በለቀቋቸው በአራተኛው ቀን ውሃው አረንጓዴም ሆነ ግምም ሆነ።

፭ኛ፦ ስለ እንዶዱ። ሽታው ሲጠናብዎት ደግሞ እንዶድ ጋቢ ካነጣ ውሃ ለምን አያነጣም ብለው፣ የተወቀጠ እንዶድ በሙቀጫ ሙሉ ገንዳው ውስጥ ደፉት። ወይ ጉድ! እንዶድ የነካው ውሃ ዓሣ እንደማያኖር ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ያውቃል። አረፋው ከገንዳው አፍ ተርፎ እስከ አጥሩ ደረሰ፤ ዓሦቹም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው አረፋው ላይ ተንሳፈፉ። በገንዳዬ ውስጥ ያለ ትምህርት መንሳፈፍ የቻሉት እነርሱ ብቻ ናቸው።

በሃያኛው ቀን ስመለስ በሩ ላይ ጋቢዎን እስከ ግንባርዎ ስበው ቆመው አገኘሁዎት። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ከፓምፑ እስከ እንዶዱ፣ አንድም ሳይደብቁ በራስዎ አንደበት ነገሩኝ፤ ከዚያ «አፉ በይኝ ልጄ፣ ይህን ሰው እንዳይሰማብኝ፣ የቅሬ ዳኛ ዓሣ በእንዶድ አጠበ እየተባልኩ በየለቅሶው መሳቂያ እንዳልሆን» አሉኝ። ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ አባቴ ነበሩ፤ ታዲያ አፉ ብያለሁ ከማለት ሌላ ምን ልል ኖሯል? አፉ ብያለሁ አልኩ፤ ከልቤ ነበር ያልኩት።

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ከገንዳው አልወጣሁም። ውሃውን ቀድቼ በገዛ ጓሮዬ አፈሰስኩ፣ የማጣሪያውን አሸዋ በሳህን እያወጣሁ ሰባት ጊዜ አጠብኩ፣ ፓምፑን ፈትቼ ከውስጡ የዓሣ ቅርፊት በወስፌ ለቀምኩ፣ ግድግዳውን እጄ እስኪላጥ ፈገፈግኩ፤ ሞልቼም ክሎሪኑን እጥፍ አድርጌ ፓምፑን ሌትና ቀን አስጮህኩት። ዛሬ ውሃው መርፌ ቢወድቅበት ከታች ይታያል፤ መመርመሪያ ወረቀቱንም በየጠዋቱ ነክሬ አየዋለሁ። ስህተቴ አንድ ነው፤ ውሃውን ስደፋ ጥቂት የሞቱ ዓሦች በአጥሩ ሥር ሾልከው መንገድ ዳር ወጡብኝ። ሰፈሩ አያቸው። ከዚያማ የመስኡዳ የዓረብ መድኃኒት ዓሣ ፈጀ የሚለው ወሬ ከወፍጮ ቤት እስከ ገበያ ተዛመተ። ስጠየቅ ዝም አልኩ። ለማን ብዬ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ስድስተኛውን ቅሬታ ቁጥር አልሰጠውም፤ ከእነዚያ ጋር የሚቆጠር አይደለም። ባለፈው እሑድ ቅሬው ተሰብስቦ፣ እኛ ሴቶቹ እንደ ልማዱ ዳር ላይ ቆመን፣ አንድ ሰው ተነስቶ ቁልፉ በእርስዎ እጅ ነበርና ምን አዩ ብሎ ጠየቀዎት። ልቤ እሰይ አለ። ጋሽ ባድሩ አሁን ይናገራል፣ ሰዉ ስቆ ስቆ ይበተናል፣ ነገሩም እዚሁ ያበቃል አልኩ። እርስዎ ግን የከዘራዎን ጫፍ እያዩ «እኔ የጠበቅሁት በሩን ነው፤ ውሃውን አላውቅም» አሉ። እሱስ ይሁን፣ ፈራ እላለሁ። ቀጥለው ግን በእጅዎ ወደ እኔ እያመለከቱ «ዝም ማለቷን እዩት፤ ጥፋት የሌለበት ሰው እንዲህ ዝም ይላል?» አሉ። ያ ረቢ! በእርስዎ ልመና የዘጋሁትን አፌን እርስዎ ራስዎ ምስክር አድርገው አቆሙብኝ። የተናገርኩ እንደሆነ ቃሌን አፈርሳለሁ፤ ዝም ያልኩ እንደሆነ ጥፋተኛ ነኝ። ከዚያ ተነስተው ፈረዱብኝ። ጋሽ ባድሩ፣ በባዕድ አገር ብዙ ተበድያለሁ፤ እመቤቴ ፓስፖርቴን ቀምታኛለች፣ ደመወዜን ከልክላኛለች። እርሷ ግን እንደዚህ አላስለቀሰችኝም፤ አባቴ አልነበረችማ።

አሁን እናቴ አንድ ዓይኗ ገና በፋሻ እንደተሸፈነ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ በቀን አሥር ጊዜ ከቅሬ አወጡን ወይ ትለኛለች። ዕድሜዋ ሰማንያ ደርሷል። ገንዳውን ካልደፈንኩ እርሷን ነገ ማን ያነሳልኛል? ከደፈንኩት ደግሞ እነዚያ አርባ ሦስት ልጆች፣ ከእነርሱም ኋላ ተራ የሚጠብቁት ሃያዎቹ፣ ምንጣፋቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር እንደ ድሮው ይቆማሉ፤ ቀጣዩን ቀብርም ቅሬያችን እንደ ሁልጊዜው በሥርዓት ያስፈጽማል፣ እርስዎም በጋቢዎ ጫፍ ዓይንዎን ይጠርጋሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ምረጪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ስለ ነጻነቱ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የፊታችን እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ቆመው ዓሦቹን ማን እንዳስገባቸው፣ እንዶዱን ማን እንደደፋው ይናገሩ። ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፣ እርሱን በሩ ላይ ሰጥቼዎታለሁ፣ የሰጠሁትን አልነጥቅም። ቅሬው እውነቱን ሰምቶ አሁንም ይደፈን ካለ፣ ወላሂ በሬን ራሴ ከፍቼ ሰኞ ጠዋት ከነአካፋዬ እቆማለሁ። በውሸት ላይ ግን አንዲት ጭብጥ አፈር አትገባበትም።

በረጅም ዕድሜ፣ በሙሉ ጤና፣ በንጹህ ኅሊናም (ከተገኘ) አላህ ያቆይዎ እያልኩ፤ የትናንት ልጅዎ፣ የሃያ ቀን አደራ ሰጪዎ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስም የምስጢርዎ ጠባቂ፤

መስኡዳ ሀሚዱ
ከሐይቅ ከተማ፣ ገና ካልተደፈነው ገንዳ አጠገብ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት የሰው ስም በሐሰት እንዳላጠፋ ብዬ ዛሬ ጠዋት ለባለቤትዎ ለእትዬ ረቢያ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ድረስ ካዳመጡ በኋላ አንድ ስህተት ብቻ አርመውልኛል፤ ዓሣው ሁለት ባልዲ ሳይሆን ሦስት ነው፣ ሦስተኛውን ባልዲ የተሸከሙትም እንዶዱን የወቀጡትም እርሳቸው ናቸው። እኔማ አፉ ብያለሁ፤ እርስዎ የዘነጉትን ግን እርሳቸው እሑድ ቅሬው ፊት ቆመው ሊናገሩት ቆርጠዋል። በቅሬ ፊት ሴት ቆማ ተናግራ አታውቅም ብላቸው፣ «ለዚህ የዳኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ማታ ቤት ሲገቡ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ» ብለውኛል።